የባለጃንጥላዋ ተራ

በዓል ሲቃረብ የሚያጨቃጭቅ ነገር የማይጠፋበት ቤት የለም። እኛ ቤት የሚያጨቃጭቀው ካሴት ነው። ዘንድሮ ጭቅጭቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ከአባዬ ጋር፣ ያውም እማዬ መኝታ ቤት ጋደም ብላ ስለነበር በሹክሹክታ።

«ሌሎቹን ካሴቶች እንያቸው። የመጨረሻውን ግን ዘንድሮ እንለፈው» አልኩት።

አባዬ የቪዲዮ ማጫወቻውን ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ በአልኮል በነከረው ጥጥ ይወለውላል። ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ይኸን አሮጌ ማጫወቻ ግን ከደንበኞቹ ፍሪጅ ሁሉ አስበልጦ ያስታምመዋል። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እሱ ካልታየማ ምኑን በዓል ሆነ?»

«አባዬ፣ እማዬ እኮ...»

«እናትሽ ምን ሆነች?»

ምን ሆነች ይለኛል! አንዳንዴ ይኸ ሰውዬ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሲሆን ደሜ ይፈላል። ጥጡን ወርውሮ ሌላ ጥጥ አነሳ። ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ድራማው «የጠፉ ዕቃዎች ክፍል» ይባላል። ልጅ ሳለሁ በቴሌቪዥን ጥቂት ጊዜ ታይቶ «ሰው አልወደደውም» ተብሎ ቆመ። የወደድነው እኛና እዚህም እዚያም ያሉ ጥቂት ሥራ ፈቶች ነን። አንድ ቀን መኪና መንዳት የማስተምረው አንድ ልጅ ቀይ መብራት ላይ እንደቆምን የድራማውን አለቃ አባባል ሲል ብሰማ፣ የጠፋ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኋላችን ያለው መኪና ጡሩንባውን ሲያስጮኸው ነው የነቃሁት።

ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ፣ ተሳፋሪ ረስቶት የወረደው ዕቃ በሚከማችበት ክፍል ነው። አለቃው ዕቃን ለባለቤቱ መመለስ እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ሁሉን ነገር አስተካክላለሁ የሚል አዲስ ጸሐፊ አለ። ከወንበሩ የማይነሳ፣ ከእንቅልፉ የማይነቃ ዘበኛ አለ። ከዚያ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላዋን ልትጠይቅ ትመጣለች። ጃንጥላው ከአለቃው ራስ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሷ አታየውም፣ እሱ አያየውም፣ የምናየው እኛ ብቻ ነን። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲያወሩት አያስቅም፤ ለእንግዳ ሰው አስረድቼ ያሳቅሁበት ቀን የለም።

አባዬ ሁሉንም ከቴሌቪዥን ቀድቷቸው ነበር። በየበዓሉ ከምሳ በኋላ መጋረጃ ዘግተን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናያቸዋለን። ታዲያ በአንዱ በዓል ማጫወቻው የመጨረሻውን ካሴት በላው። አባዬ እንደ ቀዶ ሐኪም ተጠንቅቆ ጎትቶ ቢያወጣውም የፊልሙ ጠርዝ ተጨማዶ ነበር። ድምፁ የሚቀመጠው ጠርዙ ላይ ነው አለን፤ ምስሉ መሀል ለመሀል ስለሆነ ተረፈ። መልሰን ስንከፍተው ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ድምፅ የለም። ሁላችንም ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው ዝም ብለን እያየን ሳለ ባለጃንጥላዋ ገባች። ገና አፏን ስትከፍት እማዬ ንግግሯን ከአፏ ነጥቃ ተናገረችላት። እንዴት እንደሳቅን! በቃላችን ስለምናውቀው ሌሎቻችንም ተከተልን።

ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ድርሻ አለን። አባዬ አለቃው ነው። ወንድሜ ጸሐፊው ነው። ዘበኛው የአክስቴ ነው፤ አክስቴ የአባዬ እህት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለማንኮራፋቱ ደግሞ ማስመሰል አያስፈልጋትም። እኔ የቤቱ ትንሽ ስለነበርኩ በሩን፣ ስልኩንና ሳሉን ሰጡኝ፤ አድጌም ሹመት አልጨመሩልኝም። ባለጃንጥላዋ የእማዬ ናት። ካሴቱን «ዲዳው» እንለዋለን። እንለው ነበር ልበል እንጂ፣ ዘንድሮ ያን ቃል በቤታችን ውስጥ የሚደፍር ጠፍቷል።

እማዬ የመናኸሪያው ድምፅ ናት። የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ የምታሳውቀው እሷ ነች። ፊቷን አይቶት የማያውቅ ሰው አትክልት ቤት «ቲማቲሙ በስሏል?» ስትል ሰምቶ ዘወር ይልና «እርስዎ ነዎት እንዴ!» ይላታል። እንቅርቷ እያደገ ትንፋሽ ሲያሳጥራት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፣ እሷ ነቃች፣ ድምፁ ግን አልነቃም። ሐኪሙ የድምፅ ነርቭ ትንሽ ተነክቷል አለን። «ይመለሳል። እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ቀስ በቀስ ትሞክር።» ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል፤ የኛዋ ጭራሽ እንቅርቱ ከሄደ በኋላ ነው የባሰው የመጣባት።

እማዬ ግን አልሞከረችም። በእጇ ታወራለች፣ በዓይኗ ትቆጣለች፣ ስትጠራን ጠረጴዛ ትመታለች። «እስቲ አንድ ቃል በይ» ስንላት ጉሮሮዋን ይዛ ራሷን ትነቀንቃለች። መናኸሪያው «ለጊዜው» ብሎ ሌላ ሴት ቦታዋ ላይ አስቀምጧል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ሆዴን ታባባዋለች።

እንግዲህ የምፈራው ይኸን ነበር። የመጨረሻው ካሴት ይከፈታል። ባለጃንጥላዋ ትገባለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን እንጠብቃለን። እማዬ ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ሞክራ አይወጣላትም። ያኔ ማናችንም እስካሁን ያልተናገርነውን ነገር ሁላችንም በአንድ ጊዜ እናውቀዋለን። እሷም ማወቃችንን ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ የምትሞክር አልመሰለኝም።

እኔ መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። የምቀመጠው ከተማሪው ጎን ሲሆን እግሬ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ከሥራ ከወጣሁም በኋላ እግሬ አያርፍም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ሰው ክፉ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ሳይቀር ፍሬን እፈልጋለሁ። ወንድሜ «አንቺ እኮ ሞተር ሳይነሳ ነው የምትይዢው» ይለኛል። ይበል። እስካሁን በእጄ የተጋጨ መኪና የለም።

የበዓሉ ቀን ምሳ ተበልቶ ሳህን ስናነሳ ወንድሜንና አክስቴን ወጥ ቤት አስገብቼ በሩን ገፋ አደረግሁት።

«የእማዬ ተራ ሲደርስ ሦስታችንም በአንድ ላይ እንበለው» አልኳቸው። «ጮክ ብለን፣ እንደ ቀልድ። ክፍተት እንዳይኖር።»

«ሦስት ባለጃንጥላ?» አለ ወንድሜ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። «ዝናቡ ከባድ ነው በይኛ።»

«ተው፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ስፈራ እንደምቀልድ አታውቂም?» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አክስቴ እርጥብ ማንኪያ እንደያዘች ቆማለች። «ለአባታችሁስ?»

«አባዬ ምን ምስጢር ይችላል፣ አክስቴ? አፉን ቢዘጋ ፊቱ ይናገራል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ልጅ ሆኖም ስኳር ሰርቆ ይበላና ሳይጠየቅ ነበር የሚናዘዘው።» ማንኪያውን አስቀመጠች። «ግን የኔ ልጅ፣ ደግ ነገር ነው የምናደርገው?»

«ነው» አልኳት። ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርኩም።

መጋረጃው ተዘጋ። እማዬ አንገቷን በስስ ሻርፕ ሸፍና ሶፋው ላይ ከአባዬ ጎን ተቀመጠች። አክስቴ የክንድ መደገፊያ ያለውን ወንበር ያዘች፣ ወንድሜና እኔ ምንጣፉ ላይ። የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች ድምፅ ስላላቸው ችግር የለም። ሳቅን። አለቃው የጠፋ ጥርስ ለመጠየቅ የመጣውን ሽማግሌ «ንከስና አሳየኝ» ሲለው አክስቴ እንደ ሁልጊዜው እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። እኔ ግን የማየው ቴሌቪዥኑን አልነበረም። እማዬ ትስቃለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ይጨፈናል፣ ከአፏ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ድሮ እሷ ስትስቅ ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ብሎ ግድግዳ ይመታ ነበር። ዓይኔን መለስኩ።

አባዬ ተነስቶ ካሴት ቀየረ። «እንግዲህ ዲ...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። «የመጨረሻው።»

ምስሉ ትንሽ ተርገብግቦ ተረጋጋ። አክስቴ ማንኮራፋት ጀመረች። ወንድሜ ድምፁን አቅጥኖ «ጌታዬ፣ የዚህ ሻንጣ ባለቤት መጥቷል» አለ። አባዬ ደረቱን ነፍቶ «የምን ባለቤት? እዚህ የገባ ዕቃ ባለቤቱ እኔ ነኝ!» ሲል ቤቱ ትንሽ ሞቅ አለ። በሩ የሚንኳኳበት ቦታ ደረሰ፤ ዓይኔ እማዬ ላይ ስለነበር ጠረጴዛውን ዘግይቼ ቆረቆርኩት። አባዬ ገላመጠኝ።

ባለጃንጥላዋ ገባች። ከበሩ እስከ አለቃው ጠረጴዛ ድረስ ስትራመድ፣ ቦርሳዋን ስታስቀምጥ፣ ጓንቷን አንድ በአንድ ስታወልቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅባታል፤ ድሮ የሚያስቀን ይኸ ነበር። ወንድሜን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ሴትዮዋ አፏን ከፈተች።

«ጃንጥላዬን ፈልጌ ነበር!» ብለን ሦስታችንም ጮኽን። በዚያ ጩኸት እንኳን የጠፋ ጃንጥላ ሊገኝ የሞተም ሰው ይነሳል። ወንድሜ ጭራሽ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

ዞር ብዬ እማዬን ሳያት አፏ ክፍት ነበር። የመጨረሻውን ቃል ጨርሶ ገና ያልተዘጋ አፍ። እጇ ከጉሮሮዋ ላይ ወርዶ ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። አባዬ ቴሌቪዥኑን ትቶ እሷን ነው የሚያየው።

አለቃው በምስሉ ውስጥ ብቻውን አፉን ያንቀሳቅሳል። አባዬ ማጫወቻውን አቆመው።

«ምን አደረጋችሁ?» አለ።

«እናግዛት ብለን ነው እኮ» አለች አክስቴ በቀጭን ድምፅ።

«ተናግራ ነበር። ከንፈሯን አይቻለሁ፣ ተናግራ ነበር! እናንተ ስትጮሁ ግን አልሰማኋትም።»

እማዬ ተነሳች። ማናችንንም ሳታይ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው አጣ። እኔ ምን ልሁን? ድምፁ ወጥቶ ከሆነ ቀብሬዋለሁ። ሳይወጣ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ እሷ ብቻዋን አወቀችው፣ እኛ በጩኸት ስንጨፍርባት። ድፍረት እንደ ካሴት ወደ ኋላ አይጠነጠንም። ምናልባት ሳምንታት ሙሉ ስታጠራቅመው የቆየችው ያቺኑ አንዲት ጊዜ ቢሆንስ? ብድግ ብዬ ወደ ወጥ ቤቱ ስራመድ አባዬ ክንዴን ያዘኝ።

«ተቀመጪ። ደግሞ ልታግዣት ነው?»

ቃሉ አጥንቴ ድረስ ገባ። የሚገባኝ ስለነበር ተቀመጥኩ።

አባዬ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው። ማጫወቻው እያቃሰተ ሲጠነጥን ቆየና ቀጥ አለ። ከዚያ አባዬ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሮ፣ በአለቃው ድምፅ፣ በድራማው ውስጥ የሌለ ነገር ተናገረ።

«እሜቴ! ቢሮው ሊዘጋ ነው! ጉዳይ ካለዎት ይቅረቡ!»

ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ያልታጠበ ዕቃ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

«እሜቴ...» አለ እንደገና፤ የአሁኑ ግን የአለቃው ድምፅ አልነበረም፤ የፈራ ባል ድምፅ ነበር።

ውሃው ቆመ። አክስቴ በከንፈሯ ትጸልያለች። በሩ ተከፈተና እማዬ እጇን ሳታደርቅ መጣች። ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም፤ ከኋላው ቆማ በአገጯ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተች። ክፈቱት።

አባዬ ከፈተው። አክስቴ ማንኮራፋቱን ረሳችው። ወንድሜ የጸሐፊውን ንግግር እንደ ጸሎት በለሆሳስ አለው። አባዬም መልሱን ያለ ደረት መንፋት ተናገረ። እኔ በሩን በሰዓቱ አንኳኳሁ። ባለጃንጥላዋ ገባች፣ ተራመደች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች። እግሬ ምንጣፉን እየተጫነ ነው። አፏን ከፈተች።

ሴትዮዋ ተናግራ ጨርሳ አፏን ዘጋች። ከኋላዬ አንድም ነገር የለም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልናገርላት፣ ላድናት ብዬ አፌን ልከፍት ስል በእጄ ያዝኩት። በሕይወቴ ራሴ ላይ ፍሬን የያዝኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ጃንጥላዬን ፈልጌ ነበር።»

ዘወር አልኩ። እውነቴን ነው፣ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ነው ዘወር ያልኩት። ጎርናና፣ የተሰነጣጠቀ፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ የሚያንሰው፣ የማላውቃት አሮጊት ድምፅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ለትምህርት ቤት ይቀሰቅሰኝ የነበረው፣ መናኸሪያውን ሙሉ ያዝዝ የነበረው ያ ድምፅ እዚያ ውስጥ የለም። ደስታና ሐዘን እኩል መጡብኝና የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ።

አሁን ተራው የአባዬ ነው። አለቃው «አልተገኘም፣ ነገ ይመለሱ» ማለት አለበት፤ ሌላ የሚለው ነገር የለም። አባዬ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እንዴት አድርጎ ይበላት? በምስሉ ውስጥ አለቃው ራሱን እየነቀነቀ ነው። እማዬ ጠበቀች። ከዚያ በእርጥብ እጇ ትከሻውን መታ አደረገችው።

«ተናገር እንጂ» አለችው በዚያ ድምፅ። «ተራህ እኮ ነው።»

ይኸ ድራማው ውስጥ የለም። ይኸ የራሷ ነው።

«አልተገኘም» አለ አባዬ። ድምፁ ከእሷ የባሰ ተሰባብሯል። «ነገ... ነገ ይመለሱ።»

ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበትና ፊቱን ትራስ ውስጥ ቀበረ። አባዬ ማጫወቻውን አቆመው። እማዬ ዞራ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ሻርፑን ከአንገቷ ላላ አደረገች፤ ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

«መታጠቢያ ቤት ሞክሬው ነበር» አለች። እያንዳንዱን ቃል ዳገት እንደሚወጣ ሰው እያረፈች ነው የምታወጣው። «በፊት ነው፣ ገና ከሆስፒታል እንደወጣሁ። ሰው የገባ መሰለኝ። ዘወር ብዬ አየሁ።»

«ለዚህ ነው ዝም ያልሽው?» አለች አክስቴ።

«አዎ» ለማለት ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ ከወጣ በሴትዮዋ ላሳብብ ነበር። የሷ ነው እንድትሉ። እናንተ ደግሞ ነጠቃችሁኝ።»

«ምን አለው ድምፅሽ! ኧረ እንዲያውም ግርማ ሞገስ...» ስትል አክስቴን በእጇ ዝም አሰኘቻት። ወንድሜ ከትራሱ ቀና ብሎ ሊቀልድ ሲዘጋጅ እሱንም አየችውና ተወው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በቤታችን እውነቱን የማላለሳልሰው እኔ ነኝ፤ ተማሪዎቼ «መንጃ ፈቃድ ለመውሰድ አልደረስክም» ስላቸው የሚያለቅሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

«አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። «ያስጠላል?»

እግሬ ፍሬን ፈለገ። አያስጠላም ብላት መዋሸቴን ታውቃለች፣ ያን አፍ መልሳ ትዘጋዋለች። ያስጠላል ብላትም ያው ነው። ሁሉም እኔን ያያል። አባዬ እጇን ይዟል፤ ያን ያህል አጥብቆ ሲይዛት አይቼ አላውቅም።

«አንቺን አይመስልም» አልኳት። «አስፈርቶኛል።»

አክስቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እማዬ ግን ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አላነሳችም።

«እኔንም» አለች።

«ድገሚልኝ፣ እማዬ። ልልመደው።»

«ምን ልበል?»

«ደስ ያለሽን።»

አሰበች። ምራቋን ዋጠች፤ ሲያማት ፊቷ ላይ ታየ። ከዚያ በዚያ በማላውቀው ድምፅ፣ አንድ ፊደል ሳታስቀር፣ ስሜን ጠራች።

«አቤት» አልኳት።